«ካምብሪጅ ነን» ሲሏችሁ ወረቀቱን ጠይቁ

ሰኔ ነው። በየአጥሩ ላይ የምዝገባ ባነር ተሰቅሏል። ፈረንጅ ሕፃን ቀለም የነካካ እጁን ዘርግቶ ይስቃል፤ ከጎኑ «የቀረን ቦታ ጥቂት ነው» ይላል። ዓምና በዚህ ሰሞን እንዲህ ካለ ባነር ሥር ገብቼ ሁለት ልጆቼን አስመዘገብኩ። ዘንድሮ ሁለቱንም አስወጣሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ስሙን ብነግራችሁ ከእሱ ታመልጡና መንታ ወንድሙ ጋ ትገባላችሁ። አሠራሩን ብታውቁት ይሻላል።

እኛን የያዘን አንድ ቃል ነው፦ ካምብሪጅ፣ የእንግሊዙ ዩኒቨርሲቲ ስም። በሩ ላይ አለ፣ ሰርቪሱ ላይ አለ፣ የሹራቡ ደረት ላይ ተጠልፏል። መዝጋቢዋ «ማሚዬ፣ እኛ እኮ ካሪኩለማችን ካምብሪጅ ነው» ብላ መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ። እውነትም ካምብሪጅ ይላሉ። አመንኩ።

መጽሐፉን ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዝቶ ማስተማር ይችላል። የዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት ለማንም ይሸጣል። (ለልጄ የደረሰው ደግሞ መጽሐፉም አልነበረም። ፎቶ ኮፒ ነው፣ ያውም ጥቁርና ነጭ፣ «ቀዩን ፊኛ አክብብ» የሚል ጥያቄ ያለበት።) የካምብሪጅ ትምህርት ቤት መሆን ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ለካምብሪጅ ያመለክታል፣ ይገመገማል፣ ካለፈ ይመዘገብና የማዕከል ቁጥር የሚባል መለያ ይሰጠዋል። የተመዘገቡት ትምህርት ቤቶች በካምብሪጅ ድረ ገጽ ላይ በአገርና በከተማ ይፈለጋሉ። በስልክ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ የፈለግኩት በጥር ነው፣ ሁለት ተርም ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ። አዲስ አበባ ብዬ አስገባሁ። የእኛ የለም። ስሙን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞከርኩት። የለም።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ደግ የሚመስሉ፣ ቡና የሚጋብዙ ሰው ናቸው። «በሂደት ላይ ነን» አሉኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ይሄ የቢሮ ጉዳይ ነው፤ እርስዎ መጽሐፉን አይተው አይደል ያስመዘገቡት?» አሉ።

«በሂደት ላይ» የምትለዋን ነገር ጠርጥሯት። አይቢ ነን (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት፣ ሌላው ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራም) የሚሉትም ጋ አለች። የአይቢ የሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ ፕሮግራም ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት ፈቃዱን እስኪያገኝ ድረስ ዕጩ ይባላል። ዕጩ መሆን ደግሞ ያልፋል ማለት አይደለም። በሐቀኝነት «ዕጩ ነን፣ ይህን ያህል ጊዜ ይቀረናል» የሚል ትምህርት ቤት ካገኛችሁ እኔ ብሆን አከብረዋለሁ። ችግሩ ዕጩ ሳይሆን ባለፈቃድ ዋጋ የሚያስከፍለው ላይ ነው።

ከውጭ አገሩ ወረቀት በፊት ግን የአገር ቤቱ ይቅደም። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ትምህርት ቤት ፈቃዱን የሚያገኘው ከከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ ደረጃ ስለሆነ ለኬጂ የተሰጠ ወረቀት ለአንደኛ ክፍል አይሠራም። የእኛው በትልቅ ፍሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ስንቶቻችን ከሥሩ ተቀምጠን ፎርም ሞላን! ቆሜ ያነበብኩት የመጨረሻው ቀን ነው፤ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ይላል፣ አድራሻውም የሌላ ቅርንጫፍ ነው። ትልቁ ልጄ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ «ይር 2» እየተማረ ነበር።

ይቺ «ይር» የምትባል ነገር ራሷን የቻለች ወጥመድ ናት። በእንግሊዝ ሥርዓት ይር 1 የሚገባው 5 ዓመት የሞላው ልጅ ነው። በእኛ አገር አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው። እኔ ደግሞ ልጄ ይር 2 ሲጨርስ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ መስሎኝ ለዘመድ ሁሉ አውርቼ ነበር። አሁን የሚገባበት ትምህርት ቤት ፈትነው «7 ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል ይጀምራል» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ምንም ዓመት አልጠፋበትም፤ እኔ ነኝ ያልነበረ ዓመት የቆጠርኩት። መዝጋቢዋ ይህን ታውቃለች። «ከእኩዮቹ ይቀድማል» ያለችኝ ግን እሷው ናት።

የባሰው አማርኛው ነው። ክፍል ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ ካርድ ይንጠለጠልበታል። ካርዱን የሚያወልቀው ሌላ አማርኛ ተናጋሪ ይዞ ሲያሳብቅ ነው። ልጄ ይህን የነገረኝ ከአምስት ወር በኋላ፣ ያውም ጨዋታ አስመስሎ ነው። ቤት ውስጥ ዝም ማለት የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነበር። እናቴ ከጎንደር መጥታ ሁለት ሳምንት ስትቀመጥ «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ምን ነካው? ስጠይቀው ራሱን ይነቀንቅልኛል» አለችኝ። እንግሊዝኛው ጎብዞ ቢሆን ባልተቆጨሁ። እንግሊዝኛውም «ሚስ፣ ሜይ አይ ጎ አውት» ላይ የቆመ ነበር። እዚህ አገር ለመቆየት ያሰበ ወላጅ ደግሞ 6ኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና እንዳለ ይወቅ። ፊደል ያልለየ ልጅ ይዛችሁ ያኔ ወደ አገሪቱ ሥርዓት ልመልሰው ብትሉ መከራችሁ ነው።

ታናሿ 3 ዓመት ከመንፈቋ ነበር። በየቀኑ ኤቢሲዲ ስትገለብጥ ውላ ትመጣለች፤ አውራ ጣቷ ላይ የእርሳስ ምልክት ነበራት። «ብሪቲሽ ስታንዳርድ» የሚሉት እንግሊዝ አገር ያለው የሕፃናት ሥርዓት ከልደት እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ሆኖ ዋና መንገዱ ጨዋታ ነው፦ አሸዋ፣ ውኃ፣ ተረት፣ መሮጥ። እዚያ 3 ዓመት የሞላቸው ልጆች ክፍል ውስጥ ብቁ መምህር ቢኖር እንኳ አንድ አዋቂ ከ13 ልጆች በላይ አይይዝም። በልጄ ክፍል 34 ሕፃናት ነበሩ፤ አንዲት ሚስና አንዲት ሞግዚት። ሞግዚቷ፣ እግዜር ይስጣት፣ ሽንት ቤት ስታመላልስ ነው የምትውለው። ሚሷም በዓመት ሦስቴ ተቀየረች። ስለዚህ ለጉብኝት ስትሄዱ ቅዳሜ አትሂዱ። ቅዳሜ ባዶ ክፍልና አዲስ አሻንጉሊት ነው የምታዩት። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሳትደውሉ ሂዱ፣ የክፍሉ በር ላይ አምስት ደቂቃ ቁሙ፣ ልጆቹን ቁጠሩ። አትገቡም ካሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ባለቤቴ እስካሁን የሚያነሳብኝ እሱን ነው። ውሉ ላይ ክፍያው በዶላር ተሰልቶ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ በብር ይከፈላል የሚል መስመር ነበር። ለአንድ ልጅ በተርም 500 ዶላር። ስፈርም፣ በሰኔ 2016፣ የባንኩ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር 28,500 ብር ብዬ አሰላሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን አለ። መስከረም ላይ በ112 ብር ሂሳብ 56,000 ብር ጠየቁኝ። ለሁለቱ 112,000፣ ለአንድ ተርም! የእኔ ደመወዝ በብር ነው። የሚሶቹም ደመወዝ በብር ነው፤ አንዷን ጠይቄያት ሳቀች። ኪራዩን፣ ጥበቃውን፣ ፎቶ ኮፒውን በብር እየከፈለ ከእኔ በዶላር ሂሳብ የሚቀበል ትምህርት ቤት የሚያተርፈው ከማስተማሩ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ከውጭ መምህር የሚያስመጣ እውነተኛ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በዶላር ቢያስብ ምክንያት አለው። የእኛው ጋ የነበረው ብቸኛ የውጭ ዜጋ ግን ባነሩ ላይ ያለው ሕፃን ነው።

ዩኒፎርሙን ከእነሱ ብቻ ግዙ፣ «ሪሶርስ» የሚሉት ክፍያ፣ የምረቃ ጋዋን ለሦስት ዓመት ሕፃን፤ ይሄ ይሄ በየትም አለ፣ አላደክማችሁም።

መያዣውን ግን ልብ በሉ። ለአንድ ልጅ 15,000 ብር አስይዤ ነበር፣ ሲወጡ የሚመለስ። ልጆቹን እንደማስወጣ ለዳይሬክተሩ በሚያዝያ በቃል ነገርኳቸው፤ «ምንም ችግር የለም» አሉኝ። አሁን ውሉን ሲያወጡት ከአንድ ተርም በፊት በጽሑፍ ካልተገለጸ መያዣው አይመለስም ይላል፣ በሁለተኛው ገጽ፣ ከፊርማዬ በላይ። እናንተ ደብዳቤ ጻፉ፤ ኮፒው ላይ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ውሉንም ከመፈረማችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፤ «ቤት ወስጄ ላንብበው» ስል «ቦታው ያልፍብዎታል» ያሉኝ ጊዜ መንቃት ነበረብኝ።

30,000 ብሩን ለመጠየቅ ትናንት ደወልኩ። መዝጋቢዋ አነሳች፣ ድምፄን አላወቀችውም። «ማሚዬ፣ ለ2018 ምዝገባ ነው? ቶሎ በሉ፣ ቦታ እያለቀብን ነው» አለችኝ።