4.88 ኮሮናና ፒኞን ለላንድ ክሩዘር 80
ቤንዚን 4.5 ሞተር ያለው ላንድ ክሩዘር 80 ከፋብሪካ በ4.10 ኮሮናና ፒኞን (ዲፈረንሻል ውስጥ ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያስተላልፉት ሁለት ጥርሶች፤ ቁጥሩ ኮሮናው አንዴ ሲዞር ፒኞኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው) እና 31 ኢንች ገደማ በሆነ ጎማ ይመጣል። ባለ 35 ኢንች ጎማ ሲገባበት ዳገት ላይ ይደክማል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮውም ማርሽ እየቀያየረ ይሞቃል። 4.10 በ35 ተባዝቶ ለ31.2 ሲካፈል 4.6 ይመጣል። ስለዚህ 4.56 የድሮውን ጉልበት ብቻ ይመልሳል፤ ጭነትና ዳገት ለሚበዛበት 4.88 ይሻላል። በ4.88 እና በ35 ጎማ ቆጣሪው 100 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 94 ገደማ ነው። አስፋልት ላይ ሞተሩ ትንሽ ይጮኻል፣ ያን ያህል ግን አይከፋም።

የፊቱም የኋላውም አብሮ ይቀየራል። ያለዚያ ባለ አራት ጎማው ሲነዳ ሁለቱ እርስ በርስ እየተጓተቱ ማከፋፈያውን (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ካምቢዮ) ይሰብራሉ። የፊቱ ጥርስ አቆራረጡ ግልባጭ ስለሆነ ሲገዛ ይጣራ።

ዋናው ጣጣ ገጠማው ነው። አሮጌ ኩሽኔታ መልሶ የሚያስገባ ጋራዥ ይለፋችሁ። የጥርስ ክፍተቱ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ይሁን፤ ቀለም ተቀብቶ ሲዞር አሻራው ጥርሱ መሃል ካላረፈ ሲነዳ ያፏጫል። ዘይቱ በ800 ኪሎሜትር ይቀየር።