ለቦይለር የቱን ልግዛ? ታይመር ወይስ ስማርት ስዊች

ደሴ ላይ ቤት የሚሠራ ወዳጅ ሁሉ ሽቦ ዝርጋታ ላይ ሲደርስ ይደውልልኛል፦ «ለቦይለሩ በስልክ የሚታዘዘው ስዊች ይሻላል ወይስ ቦርድ (የብሬከር ሳጥን) ላይ የሚገባው፣ በተሞላለት ሰዓት የሚያበራና የሚያጠፋው ታይመር?» መልሴ ታይመር ነው፤ ያውም ባትሪ ያለው ዲጂታሉ።

በጦሳ ተራራ ሥር ብርድ ሙቅ ውሃ ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ 1500 ዋት ቦይለር ይህን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ሳይጠፋ ከዋለ፣ ማንም ሳይታጠብ፣ ከጋኑ የሚያመልጠውን ሙቀት ሲተካ ካርዳችሁን ይበላል። ሁለቱም ዕቃዎች የሚያድኑት ይህንኑ ብክነት ነው። ትእዛዙ ከስልክ ስለመጣ የሚጨምር ቁጠባ የለም።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ፒያሳ አካባቢ በቅርቡ ስጠይቅ ስማርቱ 1,400 ብር፣ 16 አምፔር ታይመር ደግሞ 1,900 ብር ነበር። ብዙ ሰው በ500 ብሯ ይታለላል። የ1,400ው ስዊች የሚችለው የኤሌክትሪክ ጭነት 10 አምፔር ነው፤ 2000 ዋት ቦይለር ብቻውን 9 አምፔር ይስባል። በየቀኑ አፉ ድረስ የሚጫን ዕቃ አይበረክትም፤ ስለዚህ ኮንታክተር (ከባዱን ጭነት በስዊቹ ፈንታ የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ልታስገቡለት ነው፤ እሱ 1,600 ብር። ድምሩ 3,000 ደረሰ። ታይመሩ ግን ያለ ኮንታክተር ይችለዋል።

ኮፒው፣ ማለትም ተመሳስሎ የተሠራው ስማርት ስዊች፣ ደግሞ የባሰ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ቤት ተጠርቼ ስሄድ የስዊቹ ፕላስቲክ ቀልጦ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። ላዩ ላይ 16 አምፔር ይላል፤ ስከፍተው ውስጡ ያለው ሪሌ (መብራቱን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ክፍል) 10 አምፔር ተጽፎበታል። ሻጩ ከፍቶ ካላሳያችሁ አትግዙ። ገጥማችሁ ከሆነም ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ በእጅ ዳስሱት፤ ከሞቀ ንቀሉት። ጥገናውን አልመክርም፤ ትክክለኛው ሪሌ እዚህ ገበያ በቀላሉ አይገኝም።

ታይመርም ኮፒ አለው። ሱቅ ውስጥ ጥቂት አስሰኩትና አስነቅሉት፤ ሰዓቱ ከስክሪኑ ከጠፋ ባትሪው ሞቷል። እየዞረ የሚቆጥረውን ባለ ጥርስ ታይመር በርካሽ ቢሰጧችሁም ተዉት፤ መብራት ሦስት ሰዓት ከሄደ እሱም ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀርና ውሃው ሥራ ከሄዳችሁ በኋላ ይሞቃል። ዲጂታሉን ስትሞሉ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት 04:00 ነው።

ስማርቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱን የሚያገኘው ከኢንተርኔት ነው። ካላገኘ ፕሮግራሙ አይሠራም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በሲም ራውተር የሚሠሩት ሁሉ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ሆነው ከርመዋል።

ለአካባቢ ጥበቃ ብለው ስማርቱን የሚመርጡም አሉ፤ ሐሳባቸውን አከብራለሁ። የአገራችን መብራት ግን በአብዛኛው ከውሃ ነው የሚመነጨው። እኛ ልንረዳ የምንችለው ማታ ሁሉም በሚያበራበት ሰዓት ቦይለሩን በማጥፋት ነው፤ ይህን ታይመሩ ያደርገዋል። በዓመቱ ተቃጥሎ የሚጣል ስዊች ራሱ ቆሻሻ ነው።

ስማርት የምመክረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፦ ኮምቦልቻ ላይ ፔንሲዮን ላለው። እንግዳ የሌለበትን ክፍል ከእንግዳ መቀበያው ሆኖ ማጥፋት ዋጋ አለው፤ ፍጆታ የሚቆጥረውን ዓይነት፣ ከነኮንታክተሩ ይግዛ።

ሽቦ ዝርጋታው ላይ እያላችሁ፣ ለኮሪደርና ለደረጃ መብራት ደግሞ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚያበራ ሴንሰር ይበቃል። የሰውነት ሙቀት የሚያየውን ያዙ። ኮምቦልቻ ላይ በሙቀቱ ሰዓት ትንሽ ይፈዛል፣ ማታ ግን ይሠራል። እንቅስቃሴን በሞገድ የሚለየውን ራዳሩን ኮምፔንሳቶ ግድግዳ ያለበት ቤት አታስገቡ፤ ጎረቤት ክፍል ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይበራል።