የቲዩብ አምፕ ያላችሁ ሁሉ፣ ደብረ ብርሃን ያሉትን ጋሼን ሳታማክሩ ቲዩብ አትግዙ

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ይህን ሳይጽፉ ዝም ማለት ነውር ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ የድሮ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ስሜን እንዳትጠሩ ስላሉ አይጠራም። የጠገኑት አምፕ ከሠርግ ሠርግ የሚዞር ፌንደር ሆት ሮድ ዴሉክስ የጊታር ማጉያ ነው፤ ድምፁን የሚያጎሉት እንደ አምፖል ያሉ የመስታወት ቲዩቦች ናቸው፤ 40 ዋት፣ ሁለት 6ኤል6 የኃይል ቲዩብ፣ ሦስት ትንንሽ 12ኤኤክስ7፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ እንዲህ ያለ አምፕ ያለው ሰው ይህን እስከ መጨረሻው ያንብብ።

እሳቸው ጋ ከመድረሱ በፊት አምፑ በሦስት እጅ አልፏል። የማንም ስም አይነሳም፣ ከተማውም አይጠራም። የተሠራው ሥራ ግን ይነገር፣ ሌላ ሰው ደግሞ እንዳይከፍልበት። ሕመሙ ይህ ነበር፦ አምፑ በተከፈተ በግማሽ ሰዓቱ ሪቨርቡ (እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋባው ድምፅ) ይጠፋል፣ በእግር የሚረገጠው ማዞሪያም ቻናል (የድምፅ ዓይነት) መቀየር ያቆማል። ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ይመለሳሉ። አንደኛው «ቲዩቡ ደክሟል» ብሎ ሁለቱን 6ኤል6 ቀየረ። አሮጌዎቹን አልመለሰም፣ ባያሱንም (ቲዩቡ ጊታር ሳይመታ የሚስበውን ጅረት ልክ) አልነካም። ያስገባቸው ሁለቱ እኩል የሚስቡ አልነበሩምና ከአንዱ ውስጥ ያለው ግራጫ ፕሌት (ጅረቱን የሚቀበለው ብረት) ፍም መሰለ። ሁለተኛው ትንንሾቹን ቀየረ፤ ሪቨርቡ አሁንም ጠፋ። ሦስተኛው ጭራሽ የተቀደደውን ስፒከር አውጥቶ የመኪና ስፒከር ገጠመበት። ባለ 4 ኦም! (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው፤ ይህ አምፕ የሚሻው 8 ነው።) ለዚያውም ተከፍሎት።

ጋሼ ጋ ሲደርስ አምስት አዲስ ቲዩቦች በካርቶን አብረውት ነበሩ። ካርቶኑን ገፋ አድርገው መጀመሪያ ያነሱት ቴስተራቸውን ነው። እዚህ ላይ ነው የባለሙያና የነጋዴ ልዩነት። በዚህ አምፕ ሪቨርቡን የሚነዳው ቲዩብ አይደለም፣ ትንንሽ ቺፖች ናቸው። ቺፖቹና የቻናል መቀየሪያው የሚሠሩበት 16 ቮልት፣ አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጋቲቭ፣ የሚመጣው በሁለት ባለ 470 ኦም፣ ባለ 5 ዋት ሬዚስተሮች (ጅረት የሚገቱ ትንንሽ ዕቃዎች) በኩል ነው። እነዚህ ሬዚስተሮች እጅ ያቃጥላሉ። ሲግሉና ሲቀዘቅዙ ኖረው እግራቸውን የያዘው ብየዳ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ይሰነጠቃል። ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ይኸው ነው ሕመሙ! ሁለት ጊዜ ቲዩብ የተከፈለበት ጉዳይ የካውያና የአንድ ጣት ብየዳ ሥራ ነበር። ጋሼ አሮጌውን ብየዳ መጥጠው አወጡ፣ ሬዚስተሮቹን ከሰሌዳው ትንሽ ከፍ አድርገው እንደገና በየዱ፣ የጊታሩ ጃክ እግሮችም መሰንጠቅ ስለሚወዱ እነሱንም ደገሙ።

ማንም ቤቱ ይህን ከመሞከሩ በፊት፦ አምፑ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ጋሼ ባለ 10 ኪሎ ኦም፣ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አስረው ቻርጁን ወደ ቻሲው (የአምፑ የብረት አካል) ያወርዳሉ፣ ከዚያ በቴስተር ዜሮ አካባቢ መሆኑን ያያሉ፣ ከዚያ ነው እጃቸው የሚገባው። በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስተኮስ ጀግንነት አይደለም።

አሁን ወደ ቲዩቦቹ። አምፑን ከፍተው፣ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ትንንሾቹን በእርሳስ ጫፍ አንድ በአንድ ኳ ኳ አደረጓቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዝም አሉ። ለጊታሩ መግቢያ የሚቀርበው የመጀመሪያው ግን እንደ ቃጭል ጮኸ። ከትንንሾቹ ደህና ያልሆነው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው ይህን ጽሁፍ ያስጻፈው። ከአምስቱ አዲስ ቲዩቦች ሁለቱን 6ኤል6 ብቻ ወሰዱና ሦስቱን ትንንሾች በካርቶናቸው መለሱ፤ «ለሻጩ መልሱለትና በምትካቸው አንድ 5751 አምጡ» ብለው። የወጡትን ቲዩቦችም አልጣሉም። እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልለው «ይህ ይጮሃል»፣ «ይህ በጣም ይስባል» ብለው በእስክሪብቶ ጽፈው ሰጡ። ሌላው ቦታ አሮጌ ቲዩብ የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ እሳቸው ጋ ጽሁፍ ተለጥፎበት ይመለሳል። ጋሼ፣ ደግመን እናመስግንዎ።

5751 ለምን? 12ኤኤክስ7 ወደ 100 እጥፍ ሲያጎላ 5751 ወደ 70 ነው። የዚህ አምፕ የድምፅ ቁልፍ ገና 2 ላይ ሳይደርስ ያብዳል፤ አዳራሹ ትንሽ ከሆነ ማስተካከያ የለውም። መጀመሪያው ቦታ ላይ 5751 ሲገባ ቁልፉ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ድምፁም ቶሎ አይሻክርም። አምባሰልና ትዝታ ለሚጫወት ጊታር የሚፈለገው ይኸው ጥራት ነው። ሮክ የሚጫወት ሰው 12ኤኤክስ7ቱን እንዳለ ይተወው። ከ5751ም በታች መውረድ የሚሻ ደግሞ 12ኤዋይ7 አለ፣ ወደ 44 የሚጠጋ፤ እሱ ግን ለዚህ አምፕ እንቅልፋም ነው። እግሮቻቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉም ያለ ምንም ለውጥ ይገባሉ።

6ኤል6 ሲቀየር ግን ባያስ መለካት ግዴታ ነው፣ ሁለቱም እኩል የሚስቡ ተብለው በጥንድ የተሸጡ መሆን አለባቸው። ጋሼ መጀመሪያ የባያሱን ቁልፍ ወደ ዝቅተኛው አዞሩ። ስፒከሩ መሰካቱን አዩ፤ የቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ከተከፈተ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፣ እሱ ደግሞ ከቲዩቡ የበለጠ ውድ ነው። ድምፁን ሁሉ ዜሮ አድርገው፣ ስታንድባይ (ማሞቂያው ብቻ የሚሠራበት ማብሪያ) ላይ ትንሽ አሙቀው፣ ከዚያ ከስታንድባይ አውጥተው፣ የቴስተሩን ጥቁር በቻሲው፣ ቀዩን በመለኪያው ነጥብ ላይ አደረጉ። ነጥቡ በ1 ኦም ሬዚስተር ላይ ስለሆነ ሚሊ ቮልቱ በቀጥታ የሁለቱ ቲዩቦች ሚሊ አምፔር ድምር ነው። ፋብሪካው 60 ይላል፤ እሳቸው 68 ላይ አቆሙት፣ ለእያንዳንዱ 34 ማለት ነው። ፕሌቱ ላይ 420 ቮልት ገደማ ስላለ በአንዱ ላይ 14 ዋት ያህል ይወድቃል። የ6ኤል6ጂሲ ጣሪያ 30 ዋት ነውና ሰፊ ትርፍ አለ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ፤ ሲሞቅ ከፍ ሊል ስለሚችል ነው ይህ። መስተዋቱ ላይ ሰማያዊ ጭጋግ ብታዩ አትደንግጡ፣ ጤና ነው። ፕሌቱ ከቀላ ወይም አናቱ ላይ ያለው የብር ቀለም ወደ ነጭ ከዞረ ወዲያው አጥፉ፤ ነጩ አየር ገብቷል ማለት ነው።

ስፒከሩ። ያ የመኪና ስፒከር በቴስተር 3.4 ኦም አሳየ። ባለ 8 ኦም ስፒከር ከ6 እስከ 7 አካባቢ ነው የሚያሳየው፤ 8 ካላሳየ ብላችሁ እንዳትጥሉት። አምፑ በ8 ኦም ተሠርቷልና 4 ሲገጠምለት ወዲያው ባይሞትም ለቲዩቡ ሸክም ነው። ከዚያ በላይ ግን ድምፁ ነው የሚያናድደው። የመኪና ስፒከር አብዛኛው በ1 ዋት 90 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) አካባቢ ነው፤ ጋሼ በምትኩ የገጠሙት ሴሌስሽን ቪንቴጅ 30 የሚባል የጊታር ስፒከር ደግሞ 100 ነው። 10 ዴሲቤል ማለት 10 እጥፍ ኃይል ነው። 40 ዋቱ አምፕ ያን ሁሉ ሠርግ እንደ 4 ዋት ነበር የሚጮኸው ማለት ነው። ይህ ስፒከር 60 ዋት ይችላል፣ ለ40 ዋት አምፕ ይበቃዋል። ስትገዙ ግን 16 ኦሙም ስላለ ጀርባውን አንብቡ። ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ ነው ያጠበቁት፤ በአንድ ወገን ከጠበቀ ክፈፉ ይጣመምና ውስጥ ያለው ጥቅል ማግኔቱን ይፍቃል። በሁለት እጅ ኮኑን ቀስ ብለው ገፉት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፣ ፍቅታ የለም።

አንድ ነገር ጨመሩ፣ ሳይጠየቁ። አምፑ ከአሜሪካ የመጣ፣ ባለ 120 ቮልት ነው። የእኛን 220 የሚያወርደው መቀነሻ (ትራንስፎርመር) 110 ስለሚሰጥ የቲዩቦቹ ማሞቂያ ከ6.3 ወደ 5.8 ቮልት ይወርዳል፤ እስከዚያ ችግር የለም። መብራቱ ራሱ ሲደክም ግን ከልኩ ይወጣል፣ ቲዩቡም ያለ ዕድሜው ያረጃል። ስለዚህ አዳራሽ ስትገቡ መጀመሪያ ሶኬቱን ለኩ፤ ከ215 በታች ከሆነ ጄኔሬተር ይነሳ ብላችሁ ጠይቁ። መቀነሻው ከ500 ዋት አይነስ፤ አምፑ 180 ዋት ገደማ ይበላል። መብራት ከሄደም ሶኬቱን ንቀሉት፣ ሲመለስ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ መኪና ውስጥ ያደረ አምፕ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርድ ውስጡ ላብ ያወጣል፤ አንድ ሰዓት ሳይቆይ አትክፈቱት።

ያስከፈሉት የእጅ ዋጋ ደግሞ ከዚህ በፊት ለአንዱ ስህተት ከተከፈለው ያነሰ ነው። ጊታሪስቶች፣ ባንዶች፣ ከዘመድ የተላከ አምፕ ቆሞ አቧራ የሚጠጣባችሁ፣ እባካችሁ ወደ እሳቸው ሂዱ። አድራሻውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቅ። ስልክ አያነሱም፣ በአካል ሂዱ፣ በጠዋት ሂዱ። መቀነሻውን፣ የእግር ማዞሪያውንና ያወጣችኋቸውን አሮጌ ቲዩቦች አትርሱ። ጊታሩንም አትርሱ፤ አንድ ትዝታ ሳይሰሙበት የአምፑን ክዳን አይዘጉም።