በጃማይካ ለእናቴ ኮኮናት ላስጨመቀላት ሹፌር የቀረበ ምስጋና

ከጃማይካዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ ከኔግሪል ከተመለስን ሦስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል፤ ይህን ምስጋና እስካሁን ሳልጽፍ በመቆየቴ ኅሊናዬ ሲወቅሰኝ ሰንብቷል። ወደዚያ ስሄድ ይህ ሦስተኛዬ ሲሆን፣ እናቴን ይዤ ስሄድ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ዳርቻው «ሰባት ማይል» ይባላል እንጂ ርዝመቱ ያን ያህል አይሆንም፤ ሆኖም አሸዋው ነጭ፣ ማዕበሉ የዋህ ነው፤ ሆቴሎቹም ከረጅሙ ዘንባባ በላይ ከፍ ብለው እንዳይሠሩ በግንባታ ደንብ ተከልክለው ስለቆዩ ባሕሩን የሚጋርድ ነገር የለም።

ከዚህ በፊት በነበረው ጉዞዬ ያየሁትን መከራ ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ አይገባችሁም። ገንዘቤን አስቀድሞ የተቀበለኝ የጉዞ ወኪል ባሕር የሚያይ ክፍል አስይዤልሃለሁ ብሎኝ፣ መስኮቴን ስከፍት ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ የሚያድር ጄኔሬተር ነበር ፊት ለፊት የጠበቀኝ፤ ስደውልለትም ስልኩን አያነሳም። ከአውሮፕላን ማረፊያ የወሰደኝ ሰው ደግሞ የተስማማንበትን ዋጋ መንገድ ላይ እጥፍ አድርጎ፣ እንቢ ካልህ ውረድ አለኝ። ጨለማ ነበር፤ ከፈልሁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

በዚህ ምክንያት ዘንድሮ ከሰባ ዓመት ያለፋትን፣ ጉልበቷንም የሚያማትን እናቴን ይዤ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ከተማ ሞንቴጎ ቤይ ስደርስ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወዳጄ የጠቆመኝ ሹፌር ግን በሰዓቱ ቆሞ ጠበቀን። መኪናው እንደ አገራችን ታክሲ ቀይ ታርጋ ያለው ፈቃድ ያለው ተሽከርካሪ ነው፤ ዋጋውንም ገና ከቤታችን ሳንነሣ በጽሑፍ ልኮልኝ ስለነበር ስንወርድ የከፈልሁት ያንኑ ነው። ሉሲያ የምትባለው ከተማ አጠገብ ሞተሩ ሲሞቅ ወርዶ የሆነ ነገር አደረገው፤ ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ ብቻ እናቴን አስቀድሞ ጥላ ሥር አስቀምጧት ነበር።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። የመጀመሪያውን ማታ ያረፍንበት ቦታ ወጥ ቤት የጾም ነው ብሎ ቅቤ የገባበት ሩዝ ስላመጣላት እናቴ በማግሥቱ ከያዘችው ቆሎ በቀር ምንም አልቀምስም አለች። ይህን ለሹፌሩ ሳጫውተው እሱም ራሱ ራስታ ነውና ሥጋም ወተትም የማይገባበትን፣ «አይታል» የሚሉትን ምግብ ወደምታበስል ሴት ወሰደን። የቀረበልን ሩዝ ከቀይ ቦሎቄ ጋር በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ነበር። ወተት የሚለውን ቃል ስተረጉምላት እናቴ ሳህኑን ገፋ አደረገችው፤ «ልጄ፣ ወተት ወተት ነው፤ የዛፍ ነው ስላሉኝ የጾም አይሆንልኝም» አለች። ይህን ጊዜ ሹፌሩ ሳይስቅባት፣ ሳይሰላችም፣ ከጓሮ አንድ ደረቅ ኮኮናት አምጥቶ ፊቷ ሰበረው፤ ውስጡን አስሸተታት፤ ሴትዮዋም ነጩን በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቃ፣ በውኃ አሽታ፣ በማጥለያ ስትጨምቀው እናቴ ጎንበስ ብላ እስከ መጨረሻው ጠብታ ተመለከተች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳህን በላች። ጨው ስለሌለው ብቻ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አወጣች፤ እሱም ቀምሶ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሲያነጋግራት «ኤምፕረስ» ይላታል፤ እቴጌ ማለቱ ነው። አያቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲደርሱ በአውሮፕላን ማረፊያው ከጎረፈው ሕዝብ መካከል እንደነበሩ ነገራት። እናቴም በተማሪነቷ ለእኚሁ ንጉሥ መንገድ ዳር ተሰልፋ ባንዲራ እንዳውለበለበች አጫወተችው። እኔ በመካከላቸው አስተርጓሚ ሆኜ፣ ከእናቴ አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ታሪክ በእንግሊዝኛ ስናገር አገኘሁት።

በመጨረሻው ቀን አሸዋው ጉልበቷን እንዳያስቸግራት ክንዷን ይዞ ወደ ውኃው ወሰዳት፤ የፕላስቲክ ወንበርም ቁርጭምጭሚት በሚደርስበት ቦታ አስቀምጦላት ፀሐይ እስክትጠልቅ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ሰብስባ ተቀመጠች። ለዚህ የጠየቀኝ ተጨማሪ ክፍያ የለም።

ወደ ጃማይካ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ፣ በተለይም ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትጓዙ፣ እባካችሁ ይህን ሰው ያዙት፤ ደግሜ እላለሁ፣ ያዙት። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ መጻፍ ተገቢ ስላልመሰለኝ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። መኪናው ከአራት ተሳፋሪ በላይ ስለማይይዝ ቤተሰባችሁ ብዙ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የምትጾሙም ከሆነ እንዲሁ፤ ሴትዮዋ ምግቡን የምትሠራው ከዋዜማው ከተነገራት ነው።