«በልክሽ ነው የምሰራልሽ» ተብላችሁ ሹራብ ከማዘዛችሁ በፊት

በእጅ የሚሰራ ሹራብ ልታዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ቀብድ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ። እኔ ሙሉውን ከፍዬ የተረከብኩት ክንዴን ማንሳት የሚከለክለኝ ሹራብ ነው።

ሰሪዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቁመቴንና ኪሎዬን ብቻ ነበር። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ እኩል ኪሎ ያላቸው ሰዎች አንዷ ደረቷ፣ ሌላዋ ዳሌዋ ይሰፋል። ስጨቀጭቃት «እሺ፣ ደረትሽን ለክተሽ ላኪልኝ» አለች። 96 ሴንቲ ሜትር ብዬ ላክሁ። እሷም 96 ብላ ጀመረች! ሹራብ እንደ ቆዳ ካልተጣበቀ በስተቀር ከደረት ዙሪያ ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር መላወሻ ይጨመርለታል።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ብለካው ዙሪያው 87 ሆኖ አገኘሁት። ሴትየዋ የተከተለችው ንድፍ በ10 ሴንቲ ሜትር 20 የክር ቀለበት ይላል፤ እጇ ግን ጠበቅ ስለሚያደርግ 22 ይገባል። ለ96 ሴንቲ ሜትር ያሰበችው 192 ቀለበት በዚያ ጥብቀት ወደ 87 ይወርዳል። ትንሽ ናሙና ሰርታ፣ አጥባ፣ አድርቃ ብትቆጥር ኖሮ ገና ሳትጀምር ይታወቅ ነበር። ማጠቡ ትርፍ ስራ እንዳይመስላችሁ፤ ክር ከታጠበ በኋላ ሊለቅም ሊሰበሰብም ይችላል።

ገንዘቤን ስጠይቅ «በልክ የተሰራ አይመለስም» ተባልኩ። በማን ልክ? ሹራብ እኮ ተተርትሮ እንደገና ይሰራል፤ እሷ ግን ለዚያም ሌላ የእጅ ዋጋ ጠየቀች።

እናም ሜትር ይዞ የክንዳችሁን ውፍረት፣ የትከሻችሁን ስፋት፣ ከትከሻ እስከ ብብት ያለውን ጥልቀት የማይጠይቅ ሰሪ ካጋጠማችሁ እለፉት። ደረት ሲለካ ሜትሩ ከኋላ እንዳይወርድ ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፤ እኔ ብቻዬን ነበር የለካሁት፣ ይህን ጥፋቴን አልክድም። የእጅጌ ርዝመት ክንድ ትንሽ ታጥፎ ይለካል፤ አለዚያ ክርናችሁን ባጠፋችሁ ቁጥር ወደ ላይ ይሸሻል። ከሁሉ የሚቀለው የሚመቻችሁን አሮጌ ሹራብ ዘርግቶ እሱን መለካት ነው፤ መላወሻው እዚያው ውስጥ አለ።

ቀሪውን ክፍያ ደግሞ ለብሳችሁት ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ ሳታነሱ አትስጡ።