የኦንላይን ሱቅ ለመክፈት፦ ድረ ገጽ ወይስ የቴሌግራም ቻናል?

በስልክ ዕቃ እየሸጥሁ እንደምኖር የሚያውቅ ወዳጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «ድረ ገጽ ላሠራ ወይስ በቴሌግራም ልጀምር?» በቅርቡ ደግሞ የአክስቴ ልጅ የሕፃናት ልብስ ለመሸጥ 60,000 ብር ከፍላ ድረ ገጽ አሠራች፤ ገንዘቡም ልፋቱም መና ቀረ። መልሴን በጽሑፍ ማስቀመጥ ግድ የሆነብኝ ያን ጊዜ ነው። ገዢዎቻችሁ አገር ውስጥ ከሆኑ ቴሌግራም ክፈቱ። ምክንያቴን ከዋጋው ልጀምር።

የቴሌግራም ቻናል ለመክፈት አምስት ሳንቲም አይከፈልም። የድረ ገጽ ሱቅ በሚያከራየው በሾፒፋይ ላይ ሙሉ ሱቅ መክፈት ግን፣ በመነሻው ቤዚክ በተባለው ፓኬጅ እንኳ፣ በየወሩ ለሚከፍል ሰው 39 ዶላር ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብታስቡት በወር 5,850 ብር፣ በዓመት 70,200 ብር ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ሳለ፣ ይኸው 39 ዶላር 2,200 ብር ገደማ ነበር። እናንተ በብር እየሸጣችሁ የሱቅ ኪራይ በዶላር የምትከፍሉ ከሆነ፣ ምንዛሪው በጨመረ ቁጥር አንድም ዕቃ ሳይጨመርላችሁ ኪራዩ ይወደድባችኋል።

በዚህ አያበቃም። የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ ሥርዓት በኢትዮጵያ ስለማይሠራ ሌላ የክፍያ ድርጅት ማገናኘት የግድ ነው፤ ይህን ስታደርጉ ሾፒፋይ በቤዚክ ፓኬጅ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 2 በመቶ ይቆርጣል። የ3,000 ብር ጫማ ስትሸጡ 60 ብር ሄደ ማለት ነው፤ የክፍያ ድርጅቱ ኮሚሽን ገና አልተነካም። ጫማው ላይ የምታተርፉት 300 ብር ከሆነ 60 ብሩ የትርፋችሁ አምስተኛ እጅ ነው።

«እንግዲያው ዉኮሜርስ ነጻ ነው» የሚሉኝ አሉ። ይህ በራስ ድረ ገጽ ላይ ሱቅ የሚያቆም ፕሮግራም ነጻ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ ኪራይ)፣ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ ስም)፣ ሠሪውም ግን ነጻ አይደሉም። ሆስቲንግ ሻጮች የመጀመሪያውን ዓመት በርካሽ ሰጥተው ሲታደስ እጥፍና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ስትዋዋሉ የመግቢያውን ሳይሆን የእድሳቱን ዋጋ ጠይቁ።

የአክስቴን ልጅ ያስለቀሳት ግን ከዚህም የባሰ ነው። ሱቋ በእሷ ኮምፒውተር ሲከፈት እንከን አልነበረበትም። ደንበኞች «ልብሱን ስነካው የቁማር ገጽ ይከፈታል» እያሉ ሲደውሉላት አላመነቻቸውም። በራሴ ስልክ ከፍቼ አንዲት ሮዝ ቀሚስ ስነካ፣ ገጹ ለአፍታ ነጭ ሆኖ ቀጥሎ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ከፊቴ ተደቀነ። ነገሩ ሲመረመር፣ ሠሪው የጫነላት ቴም (የድረ ገጹን መልክ የሚሰጥ ዝግጁ ንድፍ) የተገዛ አልነበረም፤ ፈቃዱ የተሰረቀ፣ በየቦታው በነጻ የሚበተን ኮፒ ነበር። ኮፒውን የበተኑት ሰዎች ውስጡ የደበቁት ኮድ በስልክ የሚገባውን ደንበኛ ወደ ሌላ ገጽ ይወስዳል፤ በባለቤትነት የይለፍ ቃል የገባችውን እሷን ግን አይነካም። ለዚህ ነው ከሁሉ ኋላ ያወቀችው። ደህናው ቴም ብዙ ጊዜ 60 ዶላር አካባቢ ነው፤ የማጽዳቱ ሥራ ብቻ 18,000 ብር አስወጣት። ዶሜይኑም የተመዘገበው በሠሪው ኢሜይል ስለነበር፣ የራሷን ሱቅ ስም ለማስመለስ ደጅ ስትጠና ከረመች።

ድረ ገጽ ካላሠራሁ የሚል ሰው ቀሪውን ክፍያ ከመስጠቱ በፊት ዶሜይኑን በራሱ ኢሜይል ያስመዝግብ፣ የቴሙን የግዢ ደረሰኝ በእጁ ያድርግ፣ ሱቁንም በሌላ ሰው ስልክ ከፍቶ ይፈትሽ።

አሁን ወደ ቴሌግራም። ገዢው መተግበሪያው ስልኩ ላይ አለ፤ አዲስ ገጽ ከፍቶ ተመዝገብ፣ የይለፍ ቃል ፍጠር አይባልም። ፎቶውን አይቶ «ቁጥር 38 አለ?» ብሎ ይጽፋል፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍላል፣ ዕቃው በሞተር ይደርሰዋል። የክፍለ ሀገር ከሆነ በመናኸሪያ በኩል በአውቶቡስ ይላካል። ድረ ገጽ ያላቸው ሻጮችም ቢሆኑ አብዛኛውን ሽያጫቸውን የሚጨርሱት በዚሁ በጽሑፍና በስልክ ነው፤ ገዢያችን ተነጋግሮ መግዛት ይወዳልና። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ዋጋውን ከፎቶው ሥር ጻፉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ቻናል ገዢ ያባርራል።

ቴሌግራም የራሱ ጣጣ አለው። ዋናው የሐሰት ደረሰኝ ነው። ከገዢዎች አንዱ የ4,500 ብር ዝውውር ፎቶ ላከልኝ፤ ቀረብ አድርጌ ሳየው የገንዘቡ አኃዝ ከቀሪው ጽሑፍ ደመቅ ያለ፣ ከመስመሩም በጥቂቱ ከፍ ያለ ነበር። ሒሳቤን ከፍቼ ስፈትሽ የገባ ነገር የለም። የስልክ መልእክትም ቢሆን ከተራ ቁጥር ተልኮ የባንክ መስሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሞተረኛው ከመነሳቱ በፊት ገንዘቡን በራሳችሁ ሒሳብ ውስጥ እዩት፤ ገዢው ቢቆጣም ይቆጣ።

ሁለተኛው የተኮረጀ ቻናል ነው። ስማችሁ ላይ አንዲት ፊደል ጨምረው፣ ፎቶዎቻችሁን እንዳሉ ገልብጠው ቀብድ ይቀበሉበታል፤ የተበላው ሰው ግን የሚያማርረው እናንተን ነው። የሱቃችሁን ስምና ስልክ ፎቶው መሐል ላይ ጻፉ፤ ጠርዝ ላይ ከሆነ ቆርጠው ይጥሉታል። ገንዘብ የምትቀበሉበትን ሒሳብና የባለሒሳቡን ስም ደግሞ ከቻናሉ አናት ላይ ሰክታችሁ አኑሩት።

አባል በጅምላ እንሸጣለን የሚሏችሁንም አትስሟቸው። 40,000 አባል ኖሮት ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር 300 ዕይታ ብቻ የሚታይበት ቻናል ባዶ ቤት መሆኑን ገዢ ሁሉ ያውቀዋል። በእውነት የሚገዙ 800 ሰዎች ይበልጣሉ።

ቻናሉም እንዳይጠፋባችሁ ባለ ሁለት ደረጃውን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ አብሩ። የቻናል ባለቤትነትን ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለው ይህ የይለፍ ቃል በርቶ ቢያንስ ሰባት ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ሲም ካርዱም በእናንተ ስም የወጣ ይሁን። በሠራተኛ ስልክ የተከፈተ ቻናል ሠራተኛው የለቀቀ ቀን አብሮት ይሄዳል፤ ሠራተኛውን አስተዳዳሪ ማድረግ ይበቃል።

ቲክቶክ ዕቃ ለማሳየት ጥሩ ነው፤ ሰዉን ወደ ቻናላችሁ የሚመራ በር አድርጉት። ጂጂን የመሰሉ የማስታወቂያ ገበያዎች ደግሞ ለመኪና፣ ለቤትና ላገለገለ ዕቃ ይሆናሉ፤ በየቀኑ አዲስ ልብስ ለሚያወጣ ሻጭ ግን አይመቹም።

ድረ ገጽ የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ አለ፤ ገዢው ውጭ አገር ሲሆን። ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ አሠርታ ዋሽንግተን ለምትሸጥ ሴት ቴሌግራም አይበቃትም። እዚያ ያለችው ገዢ በካርድ መክፈል፣ የልኬት ሠንጠረዥ ማየት፣ ካልሆናት የምትመልስበትን ደንብ ማንበብ ትፈልጋለች። በእንዲህ ያለ ሥራ ገቢውም ኪራዩም በዶላር ስለሆነ 39 ዶላሩ አይከብድም። ሱቁን ግን እዚያ የምትኖር እህት ወይም ዘመድ በራሷ የንግድ ስምና የባንክ ሒሳብ ትክፈተው፤ ያን ጊዜ የሾፒፋይ ክፍያ ስለሚሠራላት 2 በመቶው ይቀራል፣ ከሽያጩ የሚቆረጥባት የካርዱ ኮሚሽን ብቻ ነው። የግብሩና የትርፍ ክፍፍሉ ነገር ግን የመጀመሪያው ቀሚስ ሳይሸጥ በጽሑፍ ይለቅ፤ በዘመድ መካከልም ቢሆን።