አጫጭር የጤና ቪዲዮዎች እንደ አገልግሎት ሲመዘኑ

በቱሉ ዲምቱና በኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች አካባቢ ብዙ ሰው ልጁ ሲታመም ጤና ጣቢያ ለመሄድ የታክሲ ሰልፍ ከመያዙ በፊት ቲክቶክ ከፍቶ ስለሚያይ፣ በአማርኛ የሚለቀቁትን የጤና ቪዲዮዎች እንደ ማንኛውም አገልግሎት መመዘን ተገቢ ይመስለኛል።

ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው አንዲት ነርስ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) አበጠባበጥን የምታሳይበት ነው። እጇን ታጥባ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣ፣ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት መስጠትን አሳይታለች፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው እንደሚደፋም ተናግራለች። የእጅ ሥራን ለማስተማር አጭር ቪዲዮ ከወረቀት ይበልጣል። ሆኖም «በአንድ ሃይላንድ ውኃ» ብላ አለፈች። ከረጢቱ የተዘጋጀው ለ1 ሊትር ሲሆን፣ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ የበጠበጠች እናት ጨው የበዛበት ውሕድ ሰጥታ ሕፃኑን ልትጎዳ ትችላለች። ከ10 እስከ 14 ቀን ስለሚሰጠው ዚንክም ሆነ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለበት ሕፃን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ እንዳለበት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። የጎደለው፣ ለማን፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ የሚለው ነው፤ ደቂቃ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ስለ ስኳር በሽታ የሚለቀቁት ግን ጉድለት ሳይሆን አደጋ ናቸው። በአንዱ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰና ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው፣ ሌሊት የተዘፈዘፈ አብሽ በባዶ ሆድ የጠጣ ሰው ኪኒኑን እንደሚጥል በእርግጠኝነት ይናገራል። አብሽ የደም ስኳርን በመጠኑ ሊቀንስ መቻሉ እውነት ነው፤ በዚሁ ምክንያት ከመድኃኒት ጋር ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርድ ይችላል። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመምተኛ (ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ) የሚወስደውን ኢንሱሊን ካቋረጠ ደግሞ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሰውየው የት እንደሚሠራ አይናገርም፤ ከሥሩ ግን «ለማዘዝ ይደውሉ» የሚል ስልክ ቁጥር ተጽፏል። (ይህን እስከ መጨረሻው ያየ ሰው በማግስቱ ስለ ሽፈራውና ስለ ጥቁር አዝሙድ ተመሳሳይ ስብከት ይጎርፍለታል።)

ስለዚህ የኦአርኤስ አበጠባበጥንና እጅ አስተጣጠብን የሚያሳዩትን፣ መጠኑን ከከረጢቱ ላይ አንብቦ ማመሳከር እስከተቻለ ድረስ ደህና እላቸዋለሁ። መድኃኒት አስጥለው ሌላ የሚሸጡትን ግን ለማንም አልመክርም፤ እንዲህ ዓይነት ሽያጭ ያጋጠመው ሰው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነፃ የስልክ መስመር መጠቆም ይችላል።